ስድስት ሙከራ፣ አንድ ድምር፦ የሴቶች ክብደት ማንሳት ሕግጋት

የሴቶች ክብደት ማንሳት ሁለት ዓይነት አነሳስ ያለው ውድድር ነው። አንደኛው ስናች፣ ሁለተኛው ክሊን ኤንድ ጀርክ ይባላል። ለእያንዳንዷ ተወዳዳሪ በስናች ሦስት፣ በክሊን ኤንድ ጀርክ ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት ሙከራ ይፈቀድላታል። ከየአነሳሱ ከተሳካላት ክብደት ትልቁ ይያዝላትና ሁለቱ ይደመራሉ፤ ከምድቧ ድምሯ የበለጠው ታሸንፋለች። የሕጉ አስኳል ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ፣ ከብረቱ ውፍረት እስከ ሰዓቱ አቆጣጠር፣ ይህ ድምር ያለ ክርክር እንዲገኝ የተደነገገ ነው። ጨዋታውን ለሚያውቅ ሰው ውድድሩ የጉልበት ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ነው፤ ብዙ ወርቅ የተገኘውም የጠፋውም በአንድ ኪሎ ልዩነት ነው።

ይህ ስፖርት በየሰፈሩ ጂም «ብረት መግፋት» ከሚባለው ልምምድ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ሰውነት ግንባታ የሚዳኘው በመልክና በቅርጽ ነው፤ የሚነሳው ክብደት ነጥብ የለውም። ፓወርሊፍቲንግ የሚባለው ደግሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳትን፣ በጀርባ ተኝቶ መግፋትንና ከወለል እስከ ጭን ማንሳትን የያዘ ሌላ ውድድር ነው። በኦሊምፒክ ያለው ክብደት ማንሳት ብረቱ ከወለል ተነስቶ ከራስ በላይ ሲደርስ፣ ክንድም ጉልበትም ተዘርግቶ ሲቆም ብቻ የሚቆጠር ነው።

ወንዶች በዘመናዊው ኦሊምፒክ ክብደት ማንሳት የጀመሩት ገና ከመነሻው፣ እ.ኤ.አ. በ1896 አቴንስ ላይ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ሴቶች ግን ረጅም ጊዜ ጠብቀዋል። የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና በ1987 አሜሪካ ውስጥ፣ ፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች ላይ ተካሄደ። ወደ ኦሊምፒክ የገቡት ደግሞ በ2000 ሲድኒ ላይ ነው፤ ደራርቱ ቱሉ ሁለተኛውን የ10,000 ሜትር ወርቋን በወሰደችበት ኦሊምፒክ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ተመልካች ዓይን ሩጫው ላይ ስለነበረ ያን አዲስ ውድድር ልብ ያለው ብዙ አይመስልም።

ሴቶቹ ሲገቡ የተቀበሉት ሕግ በወንዶቹ ዘመን ተፈትኖ የተስተካከለ ነበር። ቀድሞ አነሳሱ ሦስት ነበር። ሦስተኛው ፕሬስ ይባል ነበር፤ ብረቱን ከትከሻ ላይ ያለ እግር እገዛ በክንድ ጉልበት ብቻ ወደ ላይ መግፋት ነው። ተወዳዳሪዎቹ ቀስ በቀስ ወገባቸውን ወደ ኋላ እየለመጡ መግፋት ጀመሩ፤ ዳኞቹም ምን ያህል መለመጥ እንደሚፈቀድ መስማማት አቃታቸው። በዚህ የተነሳ ከ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ በኋላ አነሳሱ ተሰረዘ። የፕሬስ ጥላ ግን ዛሬም በሕጉ ላይ አለ። ክብደቱን ከራስ በላይ ከተቀበሉ በኋላ ክንድን አጥፎ እንደገና መግፋት እስካሁን ከሁሉ ይበልጥ የሚያጨቃጭቀው ጥፋት ነው።

ሴቶች የሚያነሱት ባር 15 ኪሎ ይመዝናል፤ የወንዶቹ 20 ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ1 ሳንቲ ሜትር፣ የመጨበጫው ውፍረት 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ የወንዶቹ 2 ሜትር ከ20 እና 28 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱ ሚሊ ሜትሮች ተራ ነገር አይደሉም። አንሺዋ ብረቱን የምትጨብጠው አውራ ጣቷን ከሥር አስገብታ በሌሎቹ ጣቶቿ ከላይ በመቆለፍ ነው። ይህ አያያዝ ያማል፤ ካልተለመደም አውራ ጣትን ያደነዝዛል። ነገር ግን ባሩ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሳብ ከእጅ እንዳያመልጥ የሚያደርገው እሱ ነው፤ እጇ ትንሽ የሆነች ሴት ጣቶቿ በአውራ ጣቷ ላይ እንዲደርሱላት ባሩ ቀጠን ማለት አለበት። በተረፈ መድረኩም፣ ዲስኮቹም፣ አነሳሱም፣ ጥፋቱም ለሁለቱም ጾታ አንድ ነው።

በባሩ ጫፎች ላይ የሚገቡት ዲስኮች ክብደታቸው በቀለማቸው ይታወቃል። ቀዩ 25፣ ሰማያዊው 20፣ ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 10፣ ነጩ 5 ኪሎ ነው። ትንንሾቹም በዚያው የቀለም ተራ ይሄዳሉ፤ ትንሹ ቀይ 2.5፣ ትንሹ ሰማያዊ 2፣ ትንሹ ቢጫ 1.5፣ ትንሹ አረንጓዴ 1፣ ትንሹ ነጭ ግማሽ ኪሎ ነው። ትልልቆቹ ዲስኮች ዲያሜትራቸው 45 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ባሩ ሁልጊዜ ከወለል በአንድ ከፍታ ይቀመጣል። ዲስኮቹን የሚያጠብቁት ሁለቱ መቆለፊያዎች እያንዳንዳቸው 2.5 ኪሎ ስለሚመዝኑ የሴቶች ባር ምንም ዲስክ ሳይገባበት ከነመቆለፊያው 20 ኪሎ ነው። ከዚህ ተነስቶ ተመልካቹ ራሱ ክብደቱን ማስላት ይችላል። በየጎኑ አንድ ቀይ ከገባ 70፣ ሁለት ሁለት ቀይ ከገባ 120 ኪሎ ይሆናል። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በጓሳ አምባ ዙሪያ፣ ከምንጭ ቀድታ በጀርባዋ የምታዝል ሴት የምትሸከመው ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ ከአንዱ ቀይ ዲስክ ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ ጀሪካኑ በገመድ ታስሮ ረጅም መንገድ የሚዘለቅበት መሆኑ ነው፤ የመድረኩ ብረት ግን ሥራው በጥቂት ሴኮንድ ያልቃል።

መድረኩ በየጎኑ 4 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው። አንሺዋ ከዚህ ክልል እግሯን ካወጣች ሙከራው አይቆጠርም።

ስናች የሚባለው አነሳስ ብረቱ ሳያርፍ በአንድ ትንፋሽ ከወለል እስከ ራስ በላይ የሚሄድበት ነው። አንሺዋ እጆቿን ሰፋ አድርጋ ትጨብጣለች፤ ወገቧን ቀጥ፣ ደረቷን ገልበጥ አድርጋ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ላይ ብረቱ የሚነሳው በፍጥነት ሳይሆን በዝግታ ነው፤ እግሯ ወለሉን ወደ ታች እየገፋ ባሩ ቅልጥሟን ታክኮ ያልፋል። ባሩ ጉልበቷን አልፎ የላይኛው ጭኗ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉ ነገር ይለወጣል። ዳሌዋ፣ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ በአንድ ጊዜ ይዘረጋሉ፤ ብረቱ ለቅጽበት ክብደት የሌለው ይመስል ወደ ላይ ይሄዳል። ግን ብረቱን እስከ ራሷ በላይ የምትስበው የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ብረቱ ሆዷ ወይም ደረቷ አካባቢ ሲደርስ እሷ በተቃራኒው ወደ ታች ትወርዳለች፤ ከብረቱ ሥር ትገባና ቁጢጥ እንዳለች በተዘረጋ ክንዷ ትቀበለዋለች። ከወለል እስከ መቀበል ያለው ጊዜ ከሁለት ሴኮንድ አይበልጥም። ከዚያ ቀጥ ብላ ትነሳለች፤ እግሮቿን በአንድ መስመር ታስተካክላለች፤ ዳኞቹ «አውርጂ» እስኪሏት ሳትንቀሳቀስ ትቆማለች። በስናች ብረቱ ትንሽ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካዘነበለ የሚያድነው ነገር የለም። የሚነሳው ክብደት ከክሊን ኤንድ ጀርክ ያነሰ ቢሆንም አሠልጣኞች ይበልጥ የሚፈሩት ስናችን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክሊን ኤንድ ጀርክ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ብረቱ ከወለል ተነስቶ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ አጨባበጡ ከስናች ጠበብ ይላል፤ አንሺዋም አብዛኛውን ጊዜ ቁጢጥ ብላ ትቀበለዋለች። እዚህ ላይ ክርኗ ጭኗን ወይም ጉልበቷን ከነካ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ክብደቱ በክንድና በትከሻ መያዙ ቀርቶ በእግር ተደገፈ ማለት ነው። ከተነሳች በኋላ ሕጉ ጥቂት ፋታ ይሰጣታል። መተንፈስ፣ ብረቱ ጉሮሮዋን ከተጫናት ማስተካከል፣ የተቆለፈ አውራ ጣቷን ማላቀቅ ትችላለች። ቀጥሎ ጉልበቷን ጎንበስ አድርጋ በድንገት ወደ ላይ ትተኩሰዋለች፤ አንድ እግሯን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ከፍታ ከሥሩ ትገባለች፤ እግሮቿን ሰብስባም ትቆማለች። ለመተኮስ ጎንበስ ካለች በኋላ ሐሳቧን ለውጣ እንደገና ልሞክር ማለት አትችልም። የጀመረችው ጀርክ አንድ ነው።

ጥፋት ተብለው የተዘረዘሩት ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ ከአንድ ሐሳብ ይመነጫሉ፤ ብረቱ በአንድ ኃይል መሄድና በተዘረጋ ክንድ መቆም አለበት። ስለዚህ ክርን መታጠፍና እንደገና መዘርጋት፣ ብረቱን በየተራ አንዱን ክንድ ቀድሞ ሌላውን ኋላ መዘርጋት፣ ከእግር በስተቀር በማንኛውም የሰውነት ክፍል ወለል መንካት፣ ከምልክቱ በፊት ማውረድ ሁሉም ያስቀጣሉ። ክርኗ በተፈጥሮ ወይም በጉዳት ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋላት ሴት አለች፤ እሷ ከመጀመሯ በፊት ይህን ለዳኞች ማሳየት ይኖርባታል። ብረቱን ስታወርድም ነፃ አይደለችም፤ ከትከሻ በታች እስኪደርስ ድረስ እጇ አብሮት መውረድ አለበት። በደስታ ብዛት ብረቱን ከላይ የለቀቀች ሴት የተሳካ አነሳሷን በገዛ እጇ ታበላሻለች።

የልብስ ሕግም ከዚሁ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። የተለመደው መለያ ከትከሻ እስከ ጭን የሚደርስ አንድ ወጥ ጥብቅ ልብስ ነው፤ ከላዩ ወገብ ላይ የሚታጠቀው ቀበቶ ስፋቱ ከ12 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ክርንና ጉልበት መሸፈን ለረጅም ጊዜ አይፈቀድም ነበር፤ ዳኛው ክንዱ መዘርጋቱን ማየት አለበት የሚለው ነበር ምክንያቱ። በ2011 ግን ከፓኪስታን ቤተሰብ የተወለደችው አሜሪካዊቷ ኩልሱም አብዱላህ እንደ እምነቷ ተሸፍና ለመወዳደር ጠየቀች። የዓለም አቀፉ ክብደት ማንሳት ፌዴሬሽን ጉዳዩን መርምሮ ከሰውነት ጋር የሚጣበቅና ክርንና ጉልበት መዘርጋታቸውን የማይደብቅ ልብስ ከመለያው ሥር እንዲለበስ ፈቀደ፤ እሷም በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ተወዳደረች። ለሕጉ ዋናው ነገር ቆዳ መታየቱ ሳይሆን መገጣጠሚያው መታየቱ ነው ማለት ነው። እንደ ኢትዮጵያ ብዙ ሙስሊም ሴቶች ባሉበት አገር ይህ ውሳኔ የበርን መከፈት ያህል ዋጋ አለው።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ፊት ለፊት፣ ሁለቱ በጎን ይቀመጣሉ። ነጭ መብራት የተሳካ፣ ቀይ መብራት ያልተሳካ ማለት ነው። ሁለት ነጭ ከበራ ሙከራው ይጸድቃል፤ የሦስቱም መስማማት ግዴታ አይደለም። ከእነሱ በላይ ጁሪ የሚባል የበላይ ዳኞች ቡድን አለ፤ ስሕተት ካየ ውሳኔውን መቀልበስ ይችላል። በቅርብ ዓመታት በትልልቅ ውድድሮች ላይ አሠልጣኞች ቪዲዮው ተመልሶ እንዲታይላቸው መጠየቅ ጀምረዋል። ክርን ለግማሽ ሴኮንድ መታጠፉን በዓይን ብቻ መለየት ከባድ ስለሆነ ይህ አሠራር ብዙ ቅሬታ ቀንሷል፤ ሁሉንም ግን አላስቀረም።

አንሺዋ ስሟ ተጠርቶ ብረቱ ከተዘጋጀ በኋላ 60 ሴኮንድ ይሰጣታል። ከእሷ በፊት ያነሳችው ራሷ ከሆነች፣ ማለትም ሁለት ሙከራ ተከታትሎ ከደረሰባት፣ 2 ደቂቃ ታገኛለች። 30 ሴኮንድ ሲቀር የማስጠንቀቂያ ድምፅ ይሰማል። ጊዜው ሲያልቅ ብረቱ ከወለል ካልተነሳ ሙከራው ከሸፈ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አሁንም መዳፏን ነጭ ዱቄት እየቀባች የምትቆይ ተወዳዳሪ ተመልካቹን ታስጨንቃለች፤ ለእሷ ግን እያንዳንዱ ሴኮንድ ዕረፍት ነው።

ከውድድሩ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ሚዛን ይጀመራል፤ ለአንድ ሰዓት ይቆያል። ሴቶችን የሚመዝኑት ሴት ዳኞች ናቸው። ከምድቧ ጣሪያ በጥቂት ግራም እንኳ ያለፈች ሴት በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ አቅልላ ካልተመለሰች ከውድድሩ ትወጣለች። አንዳንዷ በዚያች ሰዓት ስትሮጥ፣ ምራቋን ስትተፋ፣ ፀጉሯን እስከ መቆረጥ ስትደርስ ይታያል።

የክብደት ምድቦቹ ብዙ ጊዜ ስለሚቀያየሩ የስፖርቱ ወዳጆች ራሳቸው ይምታታባቸዋል። በሲድኒ ሰባት ምድብ ነበር፤ ከ48 ኪሎ ጀምሮ ከ75 በላይ እስካሉት ድረስ። በ2018 ወደ አሥር ከፍ አሉ። ከሰኔ 2025 ጀምሮ ደግሞ 48፣ 53፣ 58፣ 63፣ 69፣ 77፣ 86 እና ከ86 በላይ ሆነው ስምንት ሆነዋል። ኦሊምፒክ ግን ሁሉንም አይወስድም። በፓሪስ 2024 ለሴቶች አምስት ምድብ ብቻ ነበር፤ ለሎስ አንጀለስ 2028 ስድስት ተመድቧል። ምድብ በተቀየረ ቁጥር የቀድሞው ክብረ ወሰን በመዝገብ ይቀመጥና አዲስ ቆጠራ ይጀመራል። ይህ ልማድ የስፖርቱ ትልቅ ድክመት ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት የነበረችን አንሺና የዛሬዋን በቀጥታ ማወዳደርን አስቸጋሪ አድርጎታል።

በዕድሜም ክፍፍል አለ። ከ13 እስከ 17 ዓመት ታዳጊ፣ ከ15 እስከ 20 ወጣት ይባላሉ፤ በአዋቂዎች ውድድር ለመግባት ዝቅተኛው ዕድሜ 15 ነው።

ውድድሩ የሚመራበት ዋና ሕግ ብረቱ ወደ ኋላ አይመለስም የሚለው ነው። መጀመሪያ የምታነሳው ትንሹን ክብደት የጠየቀችው ናት፤ ከዚያ ብረቱ እየከበደ ይሄዳል እንጂ አንድ ጊዜ ከጨመረ አይቀነስም። ስለዚህ በ80 ኪሎ ከሽፋ ብረቱ 84 ከደረሰ በኋላ ወደ 80 መመለስ የፈለገች ሴት ዕድሏ አልፏል። ሁለት ተወዳዳሪዎች አንድ ዓይነት ክብደት ከጠየቁ በሙከራ ቁጥር ዝቅ ያለችው ትቀድማለች። ተሳክቶላት የቀጠለች ሴት ቢያንስ አንድ ኪሎ መጨመር አለባት፤ የከሸፈባት ያንኑ ክብደት መድገም ትችላለች። በስናች ሦስቱም ሙከራ ከከሸፉ ድምር የሚባል ነገር ስለማይኖር ኦሊምፒኳ እዚያው አበቃ። በስናችና በክሊን ኤንድ ጀርክ መካከል 10 ደቂቃ ዕረፍት አለ።

የአሠልጣኙ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንሺዋ ካነሳች በኋላ ቀጣዩ ክብደት በ30 ሴኮንድ ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ካልተመዘገበ አንድ ኪሎ ብቻ ይጨመርላታል። ከተመዘገበ በኋላም ለእያንዳንዱ ሙከራ ሁለት ጊዜ መቀየር ይፈቀዳል። ይህች የመቀየር መብት ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ተወዳዳሪን ለማሳረፍ፣ ተፎካካሪን ያለ ዕረፍት ተከታትላ እንድታነሳ ለማስገደድ፣ ወይም የራስን ፍላጎት እስከ መጨረሻው ለመደበቅ ታገለግላለች። ከኋላ በመለማመጃው ክፍል ያለው አሠልጣኝ ስንት ሰው እንደቀረው እየቆጠረ አንሺዋን በልኩ ያሞቃታል። ወረፋው ሲቀየር ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፤ ሲያጥር ደግሞ ሳትዘጋጅ ትጠራለች።

ለዚህ ሒሳብ የ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የ49 ኪሎ ፍጻሜ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሩማኒያዋ ሚሃኤላ ካምቤይ በስናች 93 ኪሎ አንስታ የቻይናዋን ሆው ዢሁዪን በ4 ኪሎ ቀደመቻት፤ ሆው 89 ነበረች። በክሊን ኤንድ ጀርክ ካምቤይ 112 አንስታ ድምሯን 205 አደረሰች። ሆው በመጨረሻ ሙከራዋ 116 ብታነሳ ድምሯ 205 ሆኖ እኩል ይሆኑ ነበር፤ በእኩል ድምር ደግሞ ቀድማ ያስመዘገበችው ታሸንፋለች፤ ስለዚህ የሚያዋጣት 117 ብቻ ነበር። በባሩ በየጎኑ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ፣ ትንሽ ቀይና ትንሽ አረንጓዴ ዲስክ የሚያስገባ ክብደት ነው፤ ከራሷ ክብደት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። አነሳችው፤ 206 ሆነ። ሦስተኛ የወጣችው የታይላንዷ ሱሮድቻና ካምባኦ 200፣ አራተኛ የቀረችው የሕንዷ ሚራባይ ቻኑ 199 ነበሩ። በአንዱ ምድብ ወርቅና ብር፣ ነሐስና ባዶ እጅ የተለያዩት በአንድ አንድ ኪሎ ነው።

የእኩልነት ሕጉ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በሲድኒ የ75 ኪሎ ምድብ ሦስት ሴቶች ድምራቸው 245 ሆነ። የኮሎምቢያዋ ማሪያ ኢሳቤል ኡሩቲያ 110 እና 135፣ የናይጄሪያዋ ሩት ኦግቤፎ 105 እና 140፣ የታይፔዋ ኩዎ ዪ ሃንግ 107.5 እና 137.5 አነሱ። የያኔው ሕግ በእኩል ድምር ሚዛን ላይ ቀለል ያለችውን ያስቀድም ስለነበር ወርቁ ለኡሩቲያ፣ ብሩ ለኦግቤፎ፣ ነሐሱ ለኩዎ ሆነ። የኡሩቲያ ወርቅ ለኮሎምቢያ በኦሊምፒክ ታሪኳ የመጀመሪያው ነው። በሚዛን መለየት ተወዳዳሪዎችን ግራም ለመቀነስ እንዲራቡ ሊገፋፋ ይችላል፤ ሕጉ በኋላ ተቀይሮ ቀድማ ያስመዘገበችው እንድታሸንፍ ተደረገ። የአሁኑ ሕግ የተሻለ ነው ብሎ መናገር ይቻላል፤ ቢያንስ ውጤቱን የሚወስነው መድረክ ላይ የተሠራ ሥራ ነው።

ሁሉም ሙከራ የግድ መነሳት የለበትም። በፓሪስ ከ81 ኪሎ በላይ ምድብ የቻይናዋ ሊ ዌንዌን በ309 ኪሎ ወርቁን ካረጋገጠች በኋላ የቀራትን ሙከራ ብረት ሳትነካ አሠልጣኟን ተሸክማ አሳለፈችው። ኦሊምፒክ ለድምር ብቻ ሜዳሊያ ይሰጣል። በዓለም ሻምፒዮና ግን ለስናችም፣ ለክሊን ኤንድ ጀርክም፣ ለድምርም ለየብቻው ይሰጣል።

ኢትዮጵያ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች ሁሉ የአትሌቲክስ ናቸው። የከፍታው አገር ሩጫን ይወዳል ይባላል፤ ክብደት ማንሳትስ? ለምሳሌ ከላይ የተጠቀሰው ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላይ ያለ የሰሜን ሸዋ አምባ ነው፤ አየሩ ስስ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ረጅም ሩጫ ኦክስጅን ይበላል፤ የከፍታ ልጅ ደሟ ኦክስጅን ለመሸከም ስለሚለምድ ዝቅ ያለ አገር ስትሄድ ትጠቀማለች። የክብደት አንሺ ጡንቻ ግን የሚሠራው በውስጡ አስቀድሞ ባከማቸው ኃይል ነው፤ ያ ክምችት ለጥቂት ሴኮንድ ይበቃል፤ አነሳሱም ከዚያ በፊት ያልቃል። ከፍታው በራሱ አይጎዳም፣ አይጠቅምም። የሚያስቸግረው ከሙከራ በኋላ ያ ክምችት ሲሞላ ነው፤ ያ ሥራ ኦክስጅን ይፈልጋልና። እንደ ጓሳ ባለ ብርዳማ ቦታ ደግሞ ማሟሟቂያው ረዘም ማለት አለበት፤ ያልሞቀ ጡንቻና ጅማት በድንገት ሲዘረጋ ይጎዳል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የምትለማመደው በብረት አይደለም፤ አነሳሱ እስኪያዝላት ድረስ በተራ እንጨት ነው።

ከአፍሪካ ሴቶች በዚህ ስፖርት ጎልተው የወጡት በተለይ የናይጄሪያና የግብፅ ልጆች ናቸው። ከሩት ኦግቤፎ በኋላ የግብፅዋ ሣራ አሕመድ በሪዮ 2016 በ18 ዓመቷ በ69 ኪሎ ነሐስ፣ በፓሪስ 2024 በ81 ኪሎ ብር ወስዳለች።

የመጨረሻው ሕግ መድረክ ላይ አይታይም። ክብደት ማንሳት በአበረታች መድኃኒት እጅግ ከተበላሹት ስፖርቶች አንዱ ነው። ሴቶቹ በገቡበት በመጀመሪያው ኦሊምፒክ በ48 ኪሎ ያሸነፈችው የቡልጋሪያዋ ኢዛቤላ ድራግኔቫ በሽንት ማብዣ መድኃኒት ተገኝታ ወርቋ ተነጠቀ፤ የመጀመሪያዋ ሴት የኦሊምፒክ ክብደት ማንሳት ሻምፒዮን ተብላ የተመዘገበችውም ሁለተኛ የነበረችው አሜሪካዊቷ ታራ ኖት ሆነች። የሽንት ማብዣ የሚከለከለው ጉልበት ስለሚጨምር አይደለም፤ ሚዛን ለመቀነስና ሌላ መድኃኒት ከሽንት ለማጥፋት ስለሚያገለግል ነው። ናሙና ለዓመታት ተቀምጦ በተሻለ መሣሪያ እንደገና ይመረመራል። የለንደን 2012 የ75 ኪሎ ምድብ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲመረመር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት የካዛኪስታን፣ የሩሲያና የቤላሩስ አንሺዎች ሦስቱም ተሰረዙ። ወርቁ አራተኛ ለነበረችው ለስፔኗ ሊዲያ ቫለንቲን ደረሰ። ብሩ አምስተኛ ለነበረችው ለግብፅዋ አቢር አብዱልራህማን፣ ነሐሱ ስድስተኛ ለነበረችው ለካሜሩኗ ማዲያስ ንዜሶ ሆነ።